በረንዳዬን በወንፊት ያጠርኩበት ሂሳብ

(ጥር 2017 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔን በዚህ መድረክ ላይ የምታውቁኝ ሪፖርት ሳነብ ነው። «ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል» እያልኩ ስቀጥል ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ሲያንቀላፉ አያለሁ፤ ተቀይሜ አላውቅም። ዛሬ ሊቀመንበራችን «ስለዚያ በረንዳሽ ተናገሪ፤ ሰው ሁሉ እየጠየቀኝ ነው» ስላለችኝ ነው የቆምኩት። እውነትም ብዙዎቻችሁ ቤቴ መጥታችሁ አይታችኋል። ወንፊቱን በጣት ነካ ነካ አድርጋችሁ «ስንት ፈጀ?» ብላችሁኛል። ስንት እንደፈጀ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ፤ እሱን ሳልናገር ስለ ምስማርና ስለ ሞራሌ ባወራ ሂሳቡ አይዘጋልኝም።

እናቴን ከጨንቻ ያመጣኋት በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ጨንቻን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርድ፣ ጉም፣ እንሰት ነው። የደጋ ሰው «ቆላ ውለህ ተመለስ እንጂ አትደር» እየተባለ ነው የሚያድገው። እናቴም ስልሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያው አድርጋለች፤ ለገበያ ትወርድና ጀንበር ሳትጠልቅ ትመለሳለች። እኔ ግን ልጄን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ሥራ ልተው ወይስ እናቴን ላምጣ ስል ቆይቼ አመጣኋት። 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለ፣ ሁለት ሐይቅ ወደተኛበት አገር አወረድኳት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ወባ ጥቅምት ላይ ያዛት። ሁለተኛው ሰኔ ላይ። በመሐሉ ልጄ ሁለት ጊዜ፣ እኔም አንድ ጊዜ ታመምን። ሙያዬ ሆኖብኝ ሁሉንም በደብተር ይዤዋለሁ፤ የባጃጁን፣ ሌሊት ስለሆነብን የሄድንበትን የግል ክሊኒክ፣ የምርመራውን፣ ለታመመ የሚገዛውን ብርቱካንና አጥሚት፣ ሁሉን ስደምረው 4,870 ብር ሆነ። እኔ ከሥራ የቀረሁት 11 ቀን ነው፤ የዓመት ፈቃዴ እዚያ ውስጥ አለቀ። ልጄ ከትምህርት ቤት የቀረው 13 ቀን። በደብተር የማይጻፈው ደግሞ እናቴ በሰኔው ሕመም ላይ ሆና ያለችኝ ነው። «ልጄ፣ ቤቴ ውሰጂኝ። እዚህ ከሞትኩ ሬሳዬን ዳገት ማውጣት ይከብድሻል» አለችኝ። ለእኔ ወጪ አዝና ነው እኮ!

አጎበር አልነበረሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ፤ ሁለት አጎበር፣ በየማታው የሚዘረጋ። ነገሩ የገባኝ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቴ መጥታ «ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የት ነው የምትቀመጡት?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። የት እንቀመጣለን? በረንዳ ላይ ነዋ! የአርባ ምንጭን የቆርቆሮ ቤት ታውቁታላችሁ፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል። በረንዳው ላይ እናቴ ጥጧን ትፈትላለች፣ ልጄ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ቡናም የሚፈላው እዚያው ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው የትንኝ ዝርያ ደግሞ ቤት ውስጥም ትናከሳለች፣ ደጅም ትናከሳለች፤ ሥራዋን የምትጀምረውም ገና ሲመሽ ነው። አጎበሩ የሚጠብቀን ከ3 ሰዓት በኋላ ከሆነ ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ሰዓታት ባለቤት የላቸውም። አጎበሩ አልከዳንም፤ እኛ ነን ከእሱ ውጪ የምናመሸው።

በረንዳውን በወንፊት ለማጠር ወሰንኩ። ገንዘብ ግን አልነበረኝም። ለማኅበራችን የ16,000 ብር የብድር ጥያቄ ጻፍኩ፤ ምክንያቱ በሚለው ቦታ ላይ «ለበረንዳ ወንፊት» ብዬ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በመተዳደሪያ ደንባችን ብድር የሚሰጠው ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ብቻ ነው። ይህን አንቀጽ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናታችን ከግድግዳቸውና ከቆርቆሯቸው መካከል ያለውን ክፍተት ለመዝጋትና ኮርኒስ ለማሠራት 9,000 ብር ጠይቀው ነበር። ማመልከቻቸውን የመለስኩት እኔ ነኝ። አንቀጹን በጣቴ እያሳየሁ «እትዬ፣ ቤት ማደስ ገቢ አያስገኝም» አልኳቸው። ኮሚቴው እንኳን አልደረሰም።

የኔን ጥያቄ ኮሚቴው አየው። መጀመሪያ አይሆንም አሉ። ቀጥሎ አንዷ «እናቷ በረንዳው ላይ ፈትል እየፈተለች ትሸጥ የለ? የሥራ ቦታ ማሻሻያ እንበለው» አለች፤ ጸደቀ። በዓመት 8 በመቶ፣ በ12 ወር የሚከፈል፣ በወር 1,440 ብር። እናቴ ፈትሏን ትሸጣለች፤ ውሸት አይደለም። ግን ሰበብ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለሂሳብ ሠራተኛዋ ደንቡ ታጠፈ፤ ለዓሣ ሻጯ አልታጠፈም። ገንዘቡን ፈርሜ የተቀበልኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሲቀላ ገበያ መጥበሻቸው ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ዓሣውን እያገላበጡ ሰሙኝና «አንቺ አንቀጹን ነው ያየሽው፤ ጣሪያዬን መጥተሽ አላየሽም» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ዓሣ ጋበዙኝ። ይህን እዚህ እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስሜን ግን አትጥሪ ብለዋል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

በረንዳዬ በፊት ለፊት 4 ሜትር ከ20፣ ወደ ጎን 1 ሜትር ከ80 ነው። በግራ በኩል የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ስለሚዘጋው የሚታጠረው ፊቱና አንድ ጎኑ ብቻ ነው። አናጢው መጀመሪያ ቀን እንጨት እንድገዛ ላከኝ። እኔም ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም ወንፊቱን አስቀድሜ ልየው አልኩና ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ። ያ ሐሳብ ነው ያዳነኝ። ያገኘሁት ወንፊት ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ነው። የድሮዎቹ የበረንዳ ምሰሶዎች ደግሞ በ1 ሜትር ከ40 ርቀት ነው የቆሙት። አናጢው «ችግር የለም፣ አግድም አድርገን ሁለት ጊዜ እናስኬደዋለን» አለ። አግድም ሲሄድ ግን ሁለቱ ወንፊቶች የሚጋጠሙት አየር ላይ፣ ልክ የልጅ እጅ የሚደገፍበት ቦታ ላይ ነው። በስድስት ወር ይከፈታል። ምሰሶዎቹ ደግሞ እግራቸው በምስጥ ስለተበላ ለማንኛውም መቀየራቸው አይቀርም ነበር። ስለዚህ ምሰሶዎቹን በወንፊቱ ልክ ተከልናቸው፤ በር 90 ሳንቲም፣ የቀረውን 3 ሜትር ከ30 ለሦስት በ1 ሜትር ከ10። እያንዳንዱ ወንፊት ከላይ ወደታች አንድ ወጥ ሆኖ ወረደ፤ በሁለቱም ጎን እንጨት ላይ አረፈ፤ መሐል ላይ መጋጠሚያ የለም። ከዚህ ሁሉ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ወንፊቱን ሳትለኩ እንጨት አትትከሉ።

ስለ ወንፊቱ ዓይነት። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ የዶሮ ሽቦ አውጥቶ «ይኼው» አለኝ። በዚያ ቀዳዳ ትንኝ ቤተሰቧን ይዛ ትገባለች። የሚያስፈልገው በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ወይም 18 ቀዳዳ ያለው ነው። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ የክብሪት እንጨት ይዛችሁ ሂዱ፤ እንጨቱ በቀዳዳው ካለፈ አትግዙ። ፕላስቲክ መሳዩ ወንፊት አይዝግም፣ ለመቁረጥም ይቀላል፤ ግን ድመት ይቧጭረዋል፣ የከሰል ፍንጣሪም ያቀልጠዋል። እኛ ቡና የምናፈላው እዚያው ስለሆነ የብረቱን መረጥኩ። የብረቱ ደግሞ ይዝጋል፤ በተለይ የተቆረጠው ጠርዝ። ጠርዙን አጥፎ ከእንጨት ሥር መደበቅና ቀለም መቀባት ነው መፍትሔው። ከሰል የማታነዱ ከሆነ ፕላስቲኩ ይሻላችኋል፤ እኔን አትከተሉ።

ከታች 60 ሳንቲም ከፍታ ያለው የብሎኬት ግንብ አሠራሁ። አንዳንዶቻችሁ ወንፊቱ እስከ መሬት ለምን አልወረደም ብላችኋል። ወንፊት የሚቀደደው ከታች ነው፤ በዶሮ፣ በኳስ፣ በእግር። ምሰሶዎቹም ግንቡ ላይ ስለቆሙ እንጨቱ አፈር አይነካም፤ ምስጡ በቀላሉ አያገኘውም። እግራቸውንም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባነው፤ ከጋራዥ በነፃ ይሰጣሉ።

ግንቡ ግን ጉድ አድርጎኛል። ግንበኛው ሲጨርስ ወለሉ ላይ የውኃ መውጫ አልተወም፤ እኔም አላሰብኩትም። በሚያዝያ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በነፋስ ገፍቶ በወንፊቱ ውስጥ ገባና በረንዳዬ ገንዳ ሆነ። የወባ መከላከያ ብዬ ያሠራሁት ቤት ውስጥ ውኃ ቋጠረ! እናቴ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ስትስቅብኝ ዋለች። ግንበኛውን መልሼ ጠርቼ ግንቡን አስበሳሁና ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ ከተተበት፤ አፉን በቁራጭ ወንፊት አሰርነው። ከመጀመሪያው ቢታሰብ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አናጢው ወንፊቱን በምስማርና በቆርኪ መምታት ጀምሮ ነበር። ቆርኪ ለላስቲክ ጥሩ ነው፤ ወንፊት ግን በነጥብ በነጥብ ከተያዘ በመሐሉ ይረግባል፣ ትንኝም የምትፈልገው ያንን ነው። አስቆምኩትና በወንፊቱ ላይ ዙሪያውን ቀጭን ጣውላ እያደረገ እንዲመታ አደረግን። ጣውላው ሲነቀል ወንፊቱ ሳይጎዳ ይወጣል፤ ወደፊት አንዱ ሲቀደድ ያንን ብቻ መቀየር ይቻላል።

በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ማታ መብራት ሲበራ ትንኞች በሩ ላይ ይለጠፋሉ፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ጠራርጎ ያስገባቸዋል፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ግን ያባርራቸዋል። ሞላ አስገጥመንበታል፣ ሰው ሲለቀው ራሱ ይዘጋል። ልጆች በር ይዘጋሉ ብሎ ማመን የኔ ሙያ አይፈቅድልኝም። ከበሩ ሥር ካረጀ የብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ መትተንበታል።

የመጨረሻውና ብዙ ሰው የሚረሳው ከላይ ያለው ነው። ከአግዳሚው እንጨት እስከ ቆርቆሮው 25 ሳንቲም ክፍተት ነበር። ከ1 ሜትር ከ20ው ስፋት 30 ሳንቲም፣ 30 ሳንቲም አድርገን አራት ቁራጭ አወጣን፤ 1 ሜትር ከ10 ወንፊት 4 ሜትር ከ20ውን ሸፈነልን። የቆርቆሮው ማዕበል ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በተራረፈው ወንፊት ወተፍናቸው። ይህን ቀዳዳ ትታችሁ ሌላውን ብታጥሩ ቁልፍ በር ላይ አንጠልጥሎ ግድግዳውን እንዳፈረሰ ሰው ናችሁ።

ሂሳቡ ይኸውና። ወንፊት 13 ሜትር በ280፣ 3,640 ብር። ሞራሌ 9፣ 3,150። ብሎኬት 40፣ 1,600። ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት፣ 2,600። አሸዋ 1,000። ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ሞላና ቀጭን ጣውላ 1,150። ቀለም 900። አናጢ አራት ቀን 2,800፣ ግንበኛ ሁለት ቀን 1,600። ድምሩ 18,440 ብር። ከብድሩ በላይ የወጣው 2,440 ከኪሴ ነው፤ ለቱቦው የተከፈለውም እዚህ ውስጥ የለም። ዋጋው የ2016 ዓ.ም. ኅዳር መሆኑን አትርሱ፤ ዛሬ ሱቅ ሄዳችሁ ይህን ብትጠሩ ይስቁባችኋል።

ደረሰኞቹን ስደረድር አንድ ነገር አስገረመኝ። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ የወንፊቱን ዋጋ ነው፤ ወንፊቱ ግን ከጠቅላላው ወጪ አንድ አምስተኛ አይሞላም። ገንዘቡን የበላው እንጨቱ፣ ግንቡና የሰው ጉልበት ነው። በባሕር ዛፍ ቋሚና በጭቃ ግንብ የምትሠራ ከዚህ በግማሽ ልትጨርስ ትችላለች። ወንፊቱ ላይ ግን አትቆጥቡ።

ውጤቱስ? እውነቱን ልናገር። ከታጠረ ወዲህ ባለፉት 14 ወራት ልጄ አንድ ጊዜ ታሟል። እናቴም አንድ ጊዜ፣ ልክ በረንዳው ባለቀ በሁለተኛው ወር። ያን ቀን ወንፊቱን በጥፍሬ ልቦጫጭቀው ነበር። በጤና ጣቢያው ስንመረመር ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው አሉን። ይህኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከወራት በኋላ አዲስ ንክሻ ሳይኖር ይነሳል። ከዚያ ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት አዘዙላት፤ ይህ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ የሚዋጥ አይደለም፣ የሚጎዳው ሰው አለ። እኔ ራሴ ቀን እየቆጠርኩ አዋጥኳት። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ አልታመመችም።

ከአምስት ወደ ሁለት ወረደ ማለት ነው። ይህም ያለፈው ዓመት ወባ በአገራችን እጅግ በበረታበት ጊዜ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ታማሚ መመዝገቡን ገልጿል። ግን አንድ ቤት ማስረጃ አይሆንም። እኔ ሦስት ደረሰኝ አይቼ ኦዲት አልዘጋም፤ በዚህም አልዘጋም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ምን ታየ ብዬ አነበብኩ። በጋምቢያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በርና መስኮታቸው በወንፊት የታጠረ፣ የጣሪያ ሥር ክፍተታቸውም የተዘጋ ቤቶች ውስጥ የገባችው ትንኝ ካልታጠሩት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ቀንሳለች፤ የልጆች ደም ማነስም ቀንሷል። በወንፊት የተሠራ ኮርኒስ ብቻ በገባላቸው ቤቶችም ትንኟ በግማሽ ገደማ ቀንሳለች።

ኮርኒስ ብቻ! ይህን ሳነብ ዓሣ ሻጯ እናታችን ትዝ አሉኝ። የጠየቁት ይህንኑ ነበር። 9,000 ብር።

ወንፊቱ አጎበሩን አይተካም፤ እኛ ዛሬም አጎበር ሥር ነው የምንተኛው። የቤት ርጭቱንም አይተካም። ሮቶና በርሜልም ይከደን። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው አዲሷ የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ነፋሱም ትንሽ ይቀንሳል፣ አልዋሻችሁም፤ ወንፊቱ በአቧራ ሲደፈን ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። በወር አንዴ በብሩሽና በውኃ ማጠብ ነው።

እንግዲህ ለኮሚቴውና ለጉባኤው ያቀረብኩትን ሐሳብ ላንብብ። ከተዘዋዋሪ ፈንዳችን ውስጥ አሥር በመቶው «የቤት ጤና ብድር» ተብሎ እንዲለይ፤ ከ10,000 ብር እንዳይበልጥ፤ ለኮርኒስ፣ ለወንፊትና ለመጸዳጃ ቤት ብቻ እንዲውል፤ ማመልከቻው በእኔ እጅ ሳይመለስ በቀጥታ ለኮሚቴው እንዲቀርብ፤ የኮሚቴው አባላትም ከመወሰናቸው በፊት ቤቱን ሄደው እንዲያዩ። የመጀመሪያዋ ተበዳሪ ማን መሆን እንዳለባት ለእናንተ እተወዋለሁ። ደጋፊዎቻችን፣ እናንተ የሰጣችሁት ገንዘብ «ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ» ተብሎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህን ለማድረግ የእናንተም ስምምነት በጽሑፍ ያስፈልገናል። በሰበብ ሳይሆን በደንብ እንዲሆን ነው የምጠይቀው። የኔን ብድር በተመለከተ፣ የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ ምንም ሳይቀነስ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ኅዳር ላይ ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ማየት የምትፈልግ ቢሮ ትምጣ።

የቆርቆሮ መቀሱ፣ የብረት ሜትሩና ከኔ ሥራ የተረፈው 60 ሳንቲም ወንፊት ቢሮ ተቀምጠዋል። ወንፊቱ ለናሙና ነው፤ ሱቅ ስትሄዱ ይዛችሁት ሄዳችሁ አመሳክሩ። መቀሱን ስትወስዱ መዝገብ ላይ ፈርሙ።